ተኩላ ቁርበት አንጥፉልኝ አይልም

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራው ላይ ባለ አንድ የተኩላ መጠለያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ዊንተሩ ሲከፋ እንስሳቱ አሳዘኑኝ። ከእድር እናቶች ጋር ተነጋግረን 43 ብርድ ልብስና ትራስ ሰብስበን ይዘን ሄድን። ኃላፊዋ ከልቧ አመሰገነችን። ግን ‹አጥር ውስጥ ማስገባት አንችልም፤ ሌላ ጊዜ ገለባ ብታመጡልን ደስ ይለናል› አለች። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎን ተመለስን። በተለይ አንዲት የ13 ዓመት ሴት ተኩላ አለች። የእንጨት ጎጆ እያላት በረዶ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። ስትነሳ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። ብርድ ልብስ እያለ ገለባ ላይ ማስተኛት ምን የሚሉት ርኅራኄ ነው? ለተኩላ በትክክል የሚነጠፍለት እንዴት ነው?»

እህቴ፣ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ተኩላ ግን ባገሩም ሆነ በሰው አገር እንዲህ አይልም። ቁርበቱን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ኃላፊዋ ልክ ናት። ስለ አሮጊቷ ተኩላ ግን ያንቺም ሐሳብ ከእውነት የራቀ አይደለም። ለየብቻ ላስረዳሽ።

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ፣ ብዙ ዞሬ፣ በመጨረሻ አሜሪካ ሰሜኑ ጫፍ ላይ ያለ መጠለያ ስቀጠር እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። የመጀመሪያው ዊንተሬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አደረ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ገባሁ። እዚያ አጥር ውስጥ ስድስት ተኩላዎች ነበሩ። አንድም አይታይም። ነጭ ሜዳ ብቻ። አጥር ዘለው ወጡ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ሬዲዮዬን ላነሳ ስል ከፊቴ ካሉት ጉብታዎች አንዱ ጆሮ አወጣ። ቀጥሎ አፍንጫ። ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ ራሱን አራገፈ። ከጀርባው የረገፈው በረዶ ደረቅ ዱቄት ነበር። ጠብታ ውሃ የለውም። ገለባ የሞላንባቸው ሦስት ጎጆዎች አጠገባቸው ባዷቸውን አድረዋል።

በረዶው ጀርባው ላይ አለመቅለጡን ልብ በይ። ሙቀቱ ወደ ውጭ አልወጣም ማለት ነው። ኦሮራ ውስጥ በረዶ በጣለ ማግስት የጎረቤቶችሽን ጣሪያ እዪ። መጀመሪያ የሚቀልጥበት ቤት ሙቀት የሚያፈስ ቤት ነው። የጤነኛ ተኩላ ጀርባ ግን እንደ ጥሩ ጣሪያ በረዶውን ተሸክሞ ያድራል።

ፀጉሩ ድርብ ነው። ላይኛው ረጅምና ሻካራ ስለሆነ ውሃና በረዶ ያንሸራትታል። ከሥሩ ያለው እንደ ተባዘተ ጥጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አየር ይዞ ሙቀት አያስወጣም። ሲተኛ ይጠቀለልና ፀጉሩ የሳሳበትን ቦታ ሁሉ፣ ሆዱን፣ ብብቱን፣ ፊቱን፣ ወደ ውስጥ ይከታል። በመጨረሻ ጭራውን አምጥቶ አፍንጫው ላይ ጣል ያደርጋል። ያ ጭራ ጋቢው ነው። እንዲህ ሆኖ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ሜዳ ያድራል። መዳፉስ በረዶ ሲረግጥ አይጠጥርም? አይጠጥርም። ወደ መዳፍ የሚወርደው ሞቃት ደም ከመዳፍ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን እያለፈ ያሞቀዋል። መዳፉ ይቀዘቅዛል እንጂ አይደርቅም።

ይህን ለማየት አሜሪካ ድረስ መምጣት እንኳን አያስፈልግም ነበር። ባሌ፣ ሰነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የኛ ቀይ ቀበሮ፣ ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚሉት፣ ጎሬ የሚያስፈልገው ለቡችሎቹ ነው። ሌላውን ሌሊት አፍንጫውን ከጭራው ሥር ቀብሮ ሜዳ ላይ ያድራል። ተማሪ ሳለሁ ጎህ ሲቀድ አንዱን በመነጽር አይቼዋለሁ። ቀይ ጀርባው ላይ ውርጭ ጋግሯል። ፀሐይ ስትነካው ተነሳ፣ አንዴ ተርገፈገፈና ፍልፈል ፍለጋ ሄደ። እኔ ሁለት ጃኬት ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ስለዚህ የጤነኛ ተኩላ ጠላቱ ብርድ አይደለም። እርጥበት ነው። ከሥሩ ውሃ ሲያቁር፣ ከላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ፣ ከጎን ንፋስ ሲመታው ያ ጥጥ የመሰለው ፀጉር ይተኛል፣ አየሩን ይለቃል። ከኛ የሚፈለገው ደረቅ መሬትና ከንፋስ መከለያ ነው። ለስላሳነት ሦስተኛ ነው። እንዲያውም አራተኛ።

ታዲያ ብርድ ልብስ ቢጨመር ምን ይጎዳል?

ይጎዳል። ብርድ ልብስ ውሃ ይጠጣል። በረዶ የተሸከመ ተኩላ ይተኛበታል፣ ይርሳል፣ ሌሊት ይጠጥራል፣ ጧት ቆርቆሮ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ደግሞም የሰው ሽታ፣ የሳሙና ሽታ ያለበት አዲስ ነገር ለተኩላ መኝታ ሳይሆን ዜና ነው። ይንከባለልበታል፣ ይሸናበታል፣ ከዚያ ይጓተቱበታል። የሚያስፈራው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይበሉታል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ቀደም ብዬ በሠራሁበት አንድ ቦታ ለጋሾች ያማረ ለስላሳ ብርድ ልብስ አመጡ። አለቃችን «ፎቶ እንነሳና እናስደስታቸው» አለ። አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው። ፎቶው ተነሳ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ብርድ ልብሱ አራት ቦታ ተቀዷል። ማታ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ገጣጥመን ስናይ የፊት ፎጣ የምታህል ጎደለች። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወንድ ምግብ ተወ፣ አስመለሰ፣ ጀርባውን አጎበጠ። ሆዱን ስንከፍት ጨርቁ ረዝሞ፣ አንጀቱን እንደ ሱሪ መቀነት ሸብሽቦ ይዞት ነበር። ከአንጀቱ ቆርጠን አወጣን። ተርፏል። ከዚያ ቀን ወዲህ አጥር ውስጥ ብርድ ልብስ ያስገባ ሰው ከኔ ጋር ይጣላል።

የትራስና የስፖንጅ ነገር ደግሞ አይወራም። ስፖንጅ ሲዋጥ ያብጣል።

ወደ ገለባው ልምጣ። «ገለባ ላይ» ስትዪ በቃልሽ ውስጥ ንቀት ሰማሁ መሰለኝ። አያቶቻችን እኮ ሣርና ገለባ በተሞላ ፍራሽ ላይ ነው ያደጉት። እንግዳ ሲመጣም እሱው ተነቅንቆ፣ ተስተካክሎ ይነጠፍለት ነበር። የስንዴ አገዳ ባዶ ቱቦ ናት። ሺህ ቱቦ ሲነባበር ሺህ የአየር ኪስ ይሆናል። ውሃ ሲነካው እንደ ብርድ ልብስ አይጠጣም፣ አብዛኛውን ወደ ታች ያሳልፋል። ተኩላው ሁለት ሦስቴ ይዞርበትና በሰውነቱ ልክ ጎድጓዳ ሠርቶ ይሰምጥበታል። ጥቂት ቢውጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። ሲቆሽሽ በመንሽ ታፍሶ ይጣላል። ብርድ ልብስ ከዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ አይችልም።

እዚህ ላይ ለእድር እናቶች አንድ ነገር አስረጂልኝ። ገለባና ድርቆሽ አንድ አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ እዚህ አገር ግን በቋንቋው ይምታታል። ገለባው ስትሮ ነው፣ ድርቆሹ ሄይ። ሱቅ ገብታችሁ ሄይ ካላችሁ ድርቆሽ ጭነው ይሸኟችኋል፤ ዋጋውም ይበልጣል። ድርቆሽ የላም ምግብ ነው። ቅጠል ስላለው እርጥበት ይስባል፣ ቶሎ ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አስፐርጊለስ የሚባለው ዓይነት ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያሳምማል፤ እንስሳውንም፣ መንሽ ይዘሽ የምትገለብጪውን አንቺንም።

ከገለባም ገለባ አለ። የስንዴ ገለባ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የአጃም ጥሩ ነው። የገብስን እፈራዋለሁ። የገብስ ራስ ላይ ያለውን ሸካራ ጺም ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ሆነን እጅጌያችን ውስጥ ስንከተው ወደ ላይ ብቻ የሚሄደውን። ያ ጺም ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ በጣት መካከል ይገባል። የገባበት ሥጋ ውስጥም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ኮሎራዶ ውስጥ በመንገድ ዳር የሚበቅል የቀበሮ ጭራ የሚመስል ሣር አለ፤ እሱም የዚያው የገብስ ዘመድ ነው፣ ከገለባ ጋር ታጭዶ ይመጣል። ስለዚህ የገለባውን እስር ከመግዛትሽ በፊት መሐሉን ከፈት አድርገሽ እዪ። ቀለሙ ወርቅማ ይሁን፣ ግራጫ አይሁን። አንድ እፍኝ ጸሐይ ፊት ለፊት አራግፊ፤ አቧራው እንደ ጭስ ከተነሳ ተዪው። አሽትቺው። ጥሩ ገለባ አውድማ አውድማ ይሸታል። መጥፎው ምድር ቤት ምድር ቤት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ሲባጎ። ትንሿ እስር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሲባጎ ነው የምትታሰረው፤ ሲባጎው ዛሬ ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ገለባው ውስጥ አንዱ ተረስቶ ከገባ፣ ቅድም የነገርኩሽ የአንጀት ታሪክ ይደገማል፤ በቀጭን ክር ደግሞ ይብሳል፣ አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። እኛ ጋ ሕጉ ቀላል ነበር። እስር የሚፈታው ከአጥር ውጭ ነው። የተቆረጠው ሲባጎ በሩ ላይ ባለ ሚስማር ይሰቀላል። ከመሄድሽ በፊት ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ቤቱ አይሄድም። አንዴ ማታ አንዱን ፍለጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ በባትሪ ገለባ ፈትሸናል። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ተገኘ።

ሰጋቱራም የሚያመጡ አሉ። ደቃቅ ሰጋቱራ አቧራ ነው፣ ሲርስ ይቦካል፣ ፀጉር ውስጥ ይሰነቀራል። ሸካራው ፍቅፋቂ ይሻላል፤ ለክሊኒክ ክፍል እጠቀምበታለሁ። ግን ከሴዳር እንጨት የተፋቀ አይሁን። አሜሪካኖች ቀይ ሴዳር የሚሉት ዛፍ እንደ ስሙ ዝግባ አይደለም፤ የኛው የጥድ ዘመድ ነው። የጥድ ሽታ ምን ያህል እንደሚያጥን ታውቂያለሽ። ያ ዘይት ለቁም ሣጥን ጥሩ ነው፤ ብል ያባርራል። ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫውን ቀብሮበት ለሚያድር እንስሳ ግን መተንፈሻውን ይቆጠቁጠዋል።

አነጣጠፉ ከመሬቱ ይጀምራል። ገለባ በእርጥብ መሬት ላይ ከተነጠፈ በሳምንቱ ፍግ ነው። ቦታው ከአካባቢው ከፍ ያለ ይሁን፤ ከሥሩ ጠጠር ወይም አሸዋ ይግባበት፣ ውሃ እንዲያሳልፍ። ጎጆ ከሆነ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ይነሳ። በሩ ንፋስ ለሚመጣበት ጎን ጀርባውን ይስጥ። ገለባውን በአንድ ጎጆ አንድ ሙሉ እስር አድርጊና በትኚው። ቢያንስ እስከ ጉልበትሽ ይድረስ፤ ሲተኛበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሥስ አድርጎ መበተን አለማንጠፍ ነው፤ መሃሉ ይገለጥና ተኩላው ወለሉ ላይ ይቀራል። የሙቀት መብራት በፍጹም አይታሰብ። ገለባና ትኩስ አምፖል ጎረቤት አይሆኑም።

መቀየር ያለበት መቼ ነው? በቀን መቁጠሪያ አትመሪ። የላም እርባታ ላይ ያሉ ሰዎች ያስተማሩኝ ዘዴ አለ። ተንበርከኪበት። ሙሉ ክብደትሽን ጉልበትሽ ላይ ጥለሽ እስከ 25 ቁጠሪ። ስትነሺ ሱሪሽ ከረጠበ ገለባው አልቋል፣ ላዩ ወርቅ ቢመስልም። ተንበርክከሽ ሳለ አፍንጫሽን ዝቅ አድርጊ። ቆመሽ የማይሸትሽ የሽንት ጋዝ እዚያ ዓይንሽን ያቃጥልሻል። ተኩላው የሚተነፍሰው እዚያ ነው። እከክ የያዘው እንስሳ የተኛበት ገለባ ደግሞ አይጨመርበትም፤ ተጠራርጎ ይወጣል፣ ከግቢ ይርቃል። የእከክ ነፍሳት ከእንስሳው ላይ ወርደውም በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያሉ።

ስለ ሕጉ አልጠየቅሽም፤ ግን አንዳንድ ጎብኚ «ገለባ ብቻ? ሕገ ወጥ ነው!» ሲል ስለምሰማ አንድ ሁለት ቃል። የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በሥሩ የወጣው ደንብ ለሕዝብ የሚታዩ ተኩላዎች ደጅ ሲኖሩ ከፀሐይና ከክፉ አየር መጠለያ እንዲኖራቸው፣ ውሃ እንዳያቁርባቸውም ያዛል። ከውሻ ጋር የተዳቀሉት ግን እንደ ውሻ ነው የሚቆጠሩት። ለውሻ ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ንጹሕና ደረቅ ንጣፍ፣ 1.7 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ተጨማሪ። ብርድ ልብስ የሚል ቃል የለበትም። ደረቅ ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ጎጆው ባዶ ሊያድር ይችላል። አትዘኚ። ተኩላ ሲተኛም አካባቢውን ማየት ይወዳል። እኛ ስንት ቀን አናጢ ሆነን የሠራነውን ጎጆ የወደዱት ለጣሪያው ነበር። ሦስቱ ተደርድረው እላዩ ላይ። ስለዚህ ጣሪያውን ጠፍጣፋና ጠንካራ አድርጎ መሥራት ነው፤ ሚስማሩ ወደ ላይ እንዳይወጣ መጠንቀቅ። የኛ ሥራ ምርጫውን ማቅረብ ነው፦ የተሸፈነ ቦታ፣ ገላጣ ቦታ፣ ከፍ ያለ ቦታ። አመራረጡ የሱ ነው። በየካቲት በረዶ የሚመርጠውና በመጋቢት ጭቃ የሚመርጠው ይለያያል።

እናት ተኩላ እንኳ ለቡችሎቿ አታነጥፍም። ጎሬዋ ውስጥ ብትገቢ የምታገኚው ራቁት አፈር ነው፤ ግን ደረቅ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈር። ግማሽ ኪሎ የማይሞሉ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ ቡችሎች የሚሞቁት በሷና እርስ በርስ በመደራረብ ነው። መጠለያ ውስጥ ለወላድ ጎጆ ብንሠራም ብዙዎቹ ትተውት የራሳቸውን ይቆፍራሉ። ወደ ዱር ይመለሳሉ ተብለው በሚረቡት እንደ ሜክሲኮ ተኩላ ባሉት ዘንድ ደግሞ ሰው ባልገባ ቁጥር ይሻላል፤ ንጣፍ ለመቀየር ብሎ ሽታን መተው እዚያ ጥፋት ነው።

በጋ ሲገባ ገለባውን አውጡት። ሙቀት ይይዛል፣ ዝንብ ይጠራል፣ በኮሎራዶ ደረቅ በጋ ደግሞ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በጋ ላይ የተኩላ አልጋ ጥላ ሥር የተቆፈረ አፈር ነው። ራሱ ይቆፍረዋል። አንቺ ጧት ውሃ አርከፍክፊበት፤ ጉድጓዱ አስቀያሚ ነው ብለሽ ግን እንዳትደፍኚው።

አሁን ወደ አሮጊቷ።

በዱር ያለ ተኩላ ስድስት ስምንት ዓመት ከኖረ ብዙ ኖረ። 13 ዓመት የመጠለያ ዕድሜ ነው። ስለዚህ «በዱር እንዲህ ነው የሚኖሩት» የሚለው ክርክር ለሷ አይሠራም። ዱር ውስጥ እሷ የለችም። ጡንቻዋ ሳስቷል፣ ስቧ ቀንሷል፣ ክርኗና ዳሌዋ ላይ አጥንቷ ወጥቷል። እግሯን መጎተቷ የቁርጥማት ይመስላል፤ የወገብ ነርቭም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያያት። የመጠለያው ሐኪም የሚያዝላት የሕመም ማስታገሻ ከማንኛውም ፍራሽ በላይ ለእንቅልፏ ይጠቅማታል። የሰው አይቡፕሮፌን ግን በሥጋ ጠቅልላችሁ እንዳትሰጧት፤ ለውሻ ዘር መርዝ ነው። እናቶች አዝነው ያደርጉታል፣ አውቃለሁ።

ጀርባዋን እዪልኝ። በረዶ ሲጥልባት ደርቆ ይቆያል ወይስ ቀልጦ ፀጉሯን ያረጥባታል? ደርቆ ከቆየ ኮቷ ገና ይሠራል፤ በረዶ ላይ መተኛቷ ምርጫዋ ነው፣ አታስጨንቂያት። እየቀለጠ ካረጠባት፣ ወይም ተኝታ ስትንቀጠቀጥ ካየሽ፣ የዚያኑ ቀን ለኃላፊዋ ንገሪ። ሁለተኛ፣ ክርኗ። ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ጠጥሮ ወይም ቆስሎ እንደሆነ በአጥሩ በኩል በመነጽር ይታያል። እዚህ ላይ ነው አንቺ ልክ የሆንሽው። ለሷ ለስላሳነት ቅንጦት አይደለም።

ግን ለምን ጎጆዋ አትገባም? ልገምት። የጎጆው ደፍ ከፍ ያለ ይሆናል። ጤነኛ ተኩላ የማያስተውለው አንድ ስንዝር ደፍ ለታመመ ዳሌ ግድግዳ ነው። ወይም በሩ ጠቦ፣ ገብታ ለመዞር ያማታል። ወይም ጓደኛዋ የሚተኛው ውጭ ነው፤ ከሱ ርቃ ከመሞቅ አጠገቡ ሆና መብረድን ትመርጣለች። ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ። መፍትሔው ጎጆውን ትታ ወደምትተኛበት መሄድ ነው። እዚያው፣ ጓደኛዋን እያየች በምትተኛበት ቦታ፣ ሦስት ግድግዳ ያለው ሰፊ ዳስ ይሠራላት። ደፍ የለው፣ አንድ ጎኑ ክፍት። ከሥር ለፈረስ ጋጣ የሚነጠፈው ወፍራም ጎማ፤ እግሯን አያንሸራትታትም፣ የመሬቱንም ቅዝቃዜ ይከላል። ከላዩ ገለባ፣ ለሌሎቹ ከምታደርጉት እጥፍ። ጎማውን ማኘክ የምትወድ ከሆነ ጠርዙ ይቀበር። ሸራ የተወጠረበት አሉሚኒየም አልጋም አለ፤ ለአንዳንዶቹ ግሩም ነው፣ ለመውጣት እግር የሚያነሱ ከሆነ ብቻ። ለሷ አልመክርም። ሽንት መቆጣጠር ካቃታት ደግሞ ገለባው በየቀኑ ይታያል፤ የረጠበው ይወጣል፣ ደረቁ ይጨመራል።

በሚኒሶታ፣ ኢሊ ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የተኩላ ማዕከል ለሸመገሉት የተለየ የጡረታ ግቢ አለው፤ ጎረምሶቹ እንዳያስቸግሯቸው። ትንሽ መጠለያ ይህ አቅም ላይኖረው ይችላል። ዳስ ግን በአንድ ቅዳሜ ይሠራል። እድሩ ውስጥ አናጢ አይጠፋም።

ያ 43 ብርድ ልብስና ትራስስ? ብርድ ልብሱ አልከሰረም። ተኩላ ለሕክምና ሲደነዝዝ ሰውነቱ ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ያኔ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ከሥር ይነጠፋል፣ ከላይ ይደረባል፣ ሊነቃ ሲል ይወጣል። በመኪና ሲጓጓዝም ሣጥኑን ከውጭ ይሸፍኑበታል፤ ሲጨልምለት ይረጋጋል። ስለዚህ ኃላፊዋን «ለክሊኒኩ ስንት ይበቃችኋል?» ብለሽ ጠይቂያት። ስምንት አሥር ትቀበልሽ ይሆናል፤ ፈትል የማይመዘዝበትን፣ ቀዳዳ የሌለውን መርጣችሁ ስጡ። የቀረውን የከተማ የውሻና የድመት መጠለያዎች ይወስዱታል፤ ደውለሽ ጠይቂ። ትራሱን ግን ለሰው ስጡት።

የሚመጣው ቅዳሜ ሁለት እስር የስንዴ ገለባ ከአጥር ውጭ ፈትተሽ በእጅ ጋሪ ይዘሽ ግቢ፤ ኃላፊዋ ከፈቀደች አሮጊቷ በምትተኛበት አጠገብ እንጂ በላይዋ አትበትኚው። መጥታ ታሸተዋለች። ምናልባት ትሸናበታለች፤ አትቀየሚ፣ የኔ ነው ማለቷ ነው። እንድትተኛበት ቆመሽ አትጠብቂ፤ ሰው እያያት አትተኛም። መንሽሽን ይዘሽ ውጪ።

ሲባጎውን ቁጠሪ። ሁለት እስር ከሆነ አራት ነው።